አልታየም

አዲስ አበባ፣ መስከረም 9 ቀን

ለውዷ ወዳጄ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። እናንተም ዘንድ አዲስ ዓመት በዚሁ ሰሞን ነውና አንዱን ምኞት ለሁለቱም ያዥልኝ። እትዬ እንዴት ናቸው? ወገባቸውስ ተሻላቸው? ልጆቹ በአማርኛ ይመልሳሉ ወይስ አማርኛ እየሰሙ በዕብራይስጥ ነው የሚመልሱት? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የእንጦጦን ዳገት ሲያይ ያኮርፋል።

አራት ዓመት ዝም ማለቴን አውቃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ ያ የጅንጅላቴ ወፍ ፎቶ ያለበት፣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። «እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ወፌ ብላ የመረጠችው ይህችን ነው፤ ጋሼ ሲያዩ ምን አሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እጄን ያሰረችኝ ይህች ጥያቄ ናት። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

አሁን ግን መርዶ አለኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነግረው። እስራኤል፣ አፉላ ድረስ መጥቼ እንዴት በር ላንኳኳ? እትዬ ቤት ካሉ ይህን ከማንበብሽ በፊት እሳቸው አጠገብ ተቀመጪ።

ጋሼ አረፉ። ሐምሌ 17፣ ሌሊት፣ በተኙበት።

በቀብራቸው ቀን ዝናቡ አንዴም አላባራም። የእድሩ ድንኳን አንደኛው ጥግ ውሃ እያቆረ፣ ጎረምሶቹ ከታች በእንጨት እየገፉ ሲያፈሱት ዋሉ። እኛ የወፍ ሰዎች፣ እሑድ እሑድ ከጋሼ ጋር ወፍ ለማየት የምንወጣው፣ አሥራ አንድ ነበርን። ግማሾቻችን ሳናስበው ባይኖኩላራችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን መጥተናል። ለቀስተኛው «እነዚህ ደግሞ ምን ሊያዩ ነው?» ብሎ ሳይገረም አልቀረም። አንዲት ወፍ መጥታ መቃብሩ ላይ ዘመረች ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለሽ። አልመጣችም። እንዲያ ባለ ዝናብ ወፍ ምን ቆርጧት ትወጣለች? ጋሼ ከእኛ ጋር ቆመው ቢሆን ኖሮ ሰዓታቸውን አይተው «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ዝናብ፣ ምንም አልታየም» ብለው ይጽፉ ነበር።

«ወፍ የለም» የምትለዋን ሕግ ታስታውሻለሽ አይደል? ያገሬ ሰው ኪሱ ሲነጥፍም፣ ታክሲ ሲጠፋም፣ መብራት ሲሄድም «ወፍ የለም» ነው። ጋሼ ፊት ይህችን የተናገረ ግን የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። አንቺ በመጀመሪያው እሑድሽ ሁለት ጊዜ ከፍለሻል። «የለም አይባልም፤ አላየሁም ነው የሚባለው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው» ይሉን ነበር።

ያ የግድብ ጥበቃስ? የትኛው ግድብ እንደሆነ ልተወው። ባይኖኩላሮቹን ሲያይ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለን። ጋሼ በትሕትና «ወፍ ልናይ ነው» አሉት። «እዚህ ወፍ የለም! ተመለሱ!» አለ። ከኋላው፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማይገኙት እነዚያ ክንፈ ሰማያዊ ዝይዎች ሣራቸውን ይግጣሉ። ጋሼ ፈገግም ሳይሉ «ቡና ትከፍላለህ» አሉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰውየው ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎ በጋሼ ባይኖኩላር ዝይ ሲቆጥር ነበር። አንቺ ሳቅሽን መያዝ አቅቶሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሽ።

ወፍ እንዴት እንደተማሩ ግን እኔም በቅጡ የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። ታላቅ ልጃቸው አጫወተችን። ሹፌር ነበሩ። የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ በ1966 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ወፍ የሚያጠኑ ፈረንጆችን በላንድሮቨር ይዘው ይዞሩ ጀመር። መሪ እንደያዙ ነው የተማሩት። ከኋላ ወንበር የወፍ ስም ይጠራል፣ እሳቸው በስፖኪዮ ያያሉ። የእንግሊዝኛው ስም አልያዝ ሲላቸው የራሳቸውን ስም ያወጣሉ። ረግረግ ዳር ስትራመድ ጭራዋን ብድግ እያደረገች ከሥሩ ያለውን ነጭ የምታሳየው «ነቅናቂት» ናት። ሣር ውስጥ የምትውለዋ ባለ ብርቱካን ጉሮሮ «ቅመም የላሰችው» ናት። ጥድ ውስጥ ተደብቃ ያን ሁሉ ዜማ የምታወርደው ግራጫ ወፍ ደግሞ «ደብተራ»። እኔ እስካሁን የእነዚህን ወፎች የመጽሐፍ ስም ለማስታወስ መጀመሪያ በጋሼ ስም ማለፍ አለብኝ።

ያቤሎ የሄድን ጊዜ አንቺ አልነበርሽም፣ ፈተና ነበረብሽ መሰለኝ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እሳቸው ግን አንዴም አላንቀላፉም። ያቺ ግራጫ ወፍ፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የተኳለችው፣ ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ ሌላ በዓለም ላይ የለችም። ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከቁራ ትመደብ ከሌላ፣ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረውባታል። ጋሼ «ራሷን ናት፤ ተዋት» ብለው ነበር የዘጉት። ግራር ላይ የእሾህ ጎጆዋን እያየን ሳለ ፀሐዩ ጠነከረ። ወፏ አፏን ከፍታ ታለከልክ ጀመር። ለካ የምትኖርባት መሬት ዙሪያውን ካለው አገር ቀዝቀዝ ያለች ናት። ከዚያች ወሰን ብትወጣ ሙቀቱ አያኖራትም። አጥር የለ፣ ወንዝ የለ፣ ያሰራት ሙቀት ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ቢሞቅስ አገሩ ጭራሹን?» አሉ። የመለሰላቸው የለም።

የነጭ ሣሯንስ ታሪክ ስንቴ አውርተውልናል? በ1990 እ.ኤ.አ. አጥኚዎች ነጭ ሣር ሜዳ ላይ መኪና የዳጣት የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። የቀራት የሚረባ ነገር አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ከየትኛውም ከሚታወቅ ወፍ ጋር ቢያስተያዩት አልገጥም አለ። በ1995 በዚያች አንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። በላቲን ስሟ ውስጥም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል አለበት። ሌላ ሰው ይህን ሲያወራ ስለ ወፏ ነው። ጋሼ ግን ስለ ሹፌሩ ነበር የሚያወሩት። «አስበው፣ ሹፌሩ ሞታለች ብሎ ቢያልፋትስ? ሞታ እንኳ ልትቆጠር ትችላለች» ይሉ ነበር። ሹፌሩ ስለ መቆሙ ምንም ማስረጃ አልነበራቸውም፤ የሙያ አጋርነት ነው።

ወደ በርጋ ልምጣ። የልባቸው ወፍ እዚያ ናት።

ከሆለታ አለፍ ብሎ ያለው ረግረግ፣ ክረምት ላይ ሣሩ እስከ ጉልበት የሚደርሰው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ እዚያ ትራባለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ በ2018 እ.ኤ.አ. እስኪረጋገጥ ድረስ በዓለም ላይ የመራቢያ ቦታዋ የሚታወቀው እዚሁ እኛ ዘንድ ብቻ ነበር። ያ ዜና ሲመጣ አንዳንዶቻችን ቅር ብሎን ነበር፤ የእኛ ብቻ አይደለችም ማለት ነዋ። ጋሼ ግን «እሰይ! ዘመድ አገኘች» አሉ።

አንዴም አላዩዋትም። ይህን ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ስለ እሷ ሲያወሩ ያየ ሰው ነበር የሚመስሉት። እሷን ለማየት ረግረጉ ውስጥ ተሰልፎ እየተራመዱ ማስነሳት ያስፈልጋል፣ ብድግ ብላ ጥቂት በርራ ሣሩ ውስጥ ትጠፋለች። ለጥናት በጥንቃቄ የሚሠሩት አሉ። ጋሼ ግን እኛን አንድ እርምጃ አያስገቡንም። «እንቁላል ላይ ቆመህ ወፍ አየሁ ትላለህ?» ነበር ንግግራቸው። ዳር ላይ በላስቲክ ተከናንበን፣ ጭቃው ጫማችንን እየጠባ፣ ሦስት አራት ሰዓት እንቆማለን። ከዚያ ደብተራቸውን ያወጣሉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የደመናው ሁኔታ፣ ስንት ከብት ሣሩ ውስጥ እንደነበር። ከሥር «አልታየም» ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ብስጭት ብዬ «ላልታየ ነገር ወረቀት ለምን ይባክናል?» አልኳቸው። «ከሃያ ዓመት በኋላ መቼ እንደጠፋች የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። ያየሁበትን ቀን ብቻ ጽፌ ብሞት ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። ልዘለው ነበር፣ ግን ያለ እሱ ዝምታዬ ትርጉም አይሰጥሽም።

አንቺ ከሄድሽ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖሽ ነበር። የጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ። ክሬኖቹ፣ እነዚያ እግረ ረጃጅም ወፎች፣ ከሰሜን መጥተው ሜዳውን ሞልተውታል። አቆጣጠሩን ታስታውሻለሽ፤ አሥሩን አንድ በአንድ ትቆጥሪያለሽ፣ የአሥሩን ስፋት በዓይንሽ ትይዢያለሽ፣ ከዚያ ጤፍ በቁና እንደሚሰፈር መንጋው ላይ እየሰፈርሽ ትሄጃለሽ። እኔ ሰፍሬ ሰፍሬ 640 ደረስኩ። ከማዶ ያለው ቡድን ግን ብዙ ማግኘቱን ሰማሁ። 800 ብዬ ጻፍኩ። ቁና ላይ አውራ ጣት እንደመጨመር በይው።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉ። አዩት። ሜዳውን አዩት። «መቶ ስድሳዎቹን አሳየኝ» አሉኝ፣ በሰው ፊት። ዝም አልኩ። በላጲስ አጥፍተው 640 ብለው ጻፉና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። መጀመሪያ ኩርፊያ ነበር፣ በኋላ ሐፍረት ሆነ። ሐፍረት ሲሰነብት ደግሞ ልማድ ይሆናል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቀረሁ። ደብዳቤሽ የመጣው በዚህ መሀል ነው። «ጋሼ ምን አሉ?» ምን ልበልሽ? ከአሁን አሁን ታርቄ እጽፍላታለሁ ስል፣ ይኸው።

የመለሰኝ ሕመማቸው ነው። ልባቸው ደክሞ ከቤት መውጣት መተዋቸውን ሰማሁ። ግንቦት ላይ ነበር፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ። ስገባ አልጋቸውን መስኮት ሥር አስጠግተውታል። «መጣህ? መስኮቱን ክፈትልኝ፤ መስተዋቱ ቆሽሾ እነዚያን በቀቀኖች ወንድና ሴት መለየት አልቻልኩም» አሉ። በቃ። ስለ መቶ ስድሳዎቹ ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነሣም። ከፈትኩላቸው። የጎረቤት ዛፍ ላይ አረንጓዴዎቹ በቀቀኖች ይንጫጫሉ። ግንባረ ቀዩ ወንዱ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እንደገና አስተማሩኝ።

ፎቶሽን በሚቀጥለው ሳምንት ወሰድኩላቸው። ስለዚህ ጥያቄሽን ልመልስ። ጅንጅላቴዋን አቅርበው አዩ፣ አርቀው አዩ። «የኛዋ ናት። በጋውን እዚህ ከርማ የሄደች ልትሆን ትችላለች» አሉ። ደስ ብሏቸዋል፣ ጉንጫቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ፎቶውን ገለበጡት። «ቀኑ የታለ?» አሉኝ። ጀርባው ባዶ ነበር። «እንዴት ያለ ቀን ትልካለች? ያስተማርኳት ልጅ!»

ያሉት ይኸው ነው። ተቆጥተውሻል።

ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ደብተሮቹን አስረከበችን። ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ያው ባለ ሃምሳ ሉኩ የተማሪ ደብተር። እኔ ቤት ነው ያሉት። ግራው ገጽ የወፎቹ ነው። ቀኝ ገጹ የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ በሕይወት እያሉ ማንም አገላብጦ አያውቅማ። ቀኝ ገጹ የእኛ ነው። በየእሑዱ የመጣ ሰው ይጻፋል፣ ያልመጣም ይጻፋል። እንደ ወፎቹ።

አንቺ ወደ እስራኤል የሄድሽበትን ሳምንት ፈልጌ አገኘሁ። እሑድ፣ ገፈርሳ፣ ደመናማ። ከስምሽ ትይዩ «አልታየችም» ይላል። በሚቀጥለውም እሑድ። በሚቀጥለውም። እኔ «ሄደች እኮ» ብዬ ስምሽን ከዝርዝሩ የማወጣ ሰው ነኝ። እሳቸው አላወጡሽም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላም፣ የአልጋቸው መስኮት ብቸኛው የወፍ ቦታ ከሆነ በኋላም። አንድ እሑድ አልዘለሉም። አልታየችም፣ አልታየችም፣ አልታየችም። አንድ ቦታ ብቻ፣ መስከረም ላይ፣ «አልታየችም። ሽመላ 34 ከሰሜን መጥቷል» የሚል አለ።

ይህን ሳነብ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እትዬ በልጅነታቸው ጎንደር ሳሉ ሽመላ ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት እንደነበር ቡና ላይ ያጫወቱን ቀን። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «መንገዱን ማን ነገራችሁ? እውነት እኮ በዚያው በኩል ነው የሚመጣው!» አሉ። እትዬም «ሽመላው ራሱ ነዋ» ብለው ዘጓቸው።

የእኔንም አገኘሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር «አልታየም»። ከዚያ ግንቦት ላይ፣ ያ የብርቱካኑ ቀን። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ። «ታየ። ብቻውን። ከስቷል። በር ላይ ብዙ ቆሞ ገባ። ድምፅ አላሰማም።»

በመስኮት ያዩኝ ነበር ለካ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሌላውን ነገር አደረግኩ፣ ባለቤቴ ከማድ ቤት «ምን ሆንክ?» እስክትል።

ነሐሴ ሳያልቅ አምስት ሆነን በርጋ ሄድን። ቴርሞሱን እንደ ድሮው እኔ ተሸከምኩ። ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፣ ጭቃውም። ወጣቶቹ «ትንሽ ገባ እንበል?» አሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም፣ ተዉት። ሦስት ሰዓት ዳር ላይ ቆምን። ነቅናቂት ሁለት። ቅመም የላሰችው አንድ። ከብት አሥራ ሰባት። የጋሼን ሠላሳ አንደኛ ደብተር ይዤ ነበር፣ ግማሹ ባዶ ነው። እስክሪብቶው በዝናቡ አልጽፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ደግሜ ነው የጻፍኩት። አልታየም። ቀኝ ገጹ ላይ ከሁሉም ስም ላይ የጋሼን ስም ጻፍኩ፤ ትይዩውን በምን እንደምሞላው ሳስብ ዝናቡ ገጹን አራሰውና ዘጋሁት።

ሽመሎቹ በዚህ ሰሞን በእናንተ በኩል እያለፉ ይሆናል፣ ወይም አልፈዋል። የጅንጅላቴዋን ፎቶ ያነሣሽበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ቦታ ትቼላታለሁ። ሽመሎቹንም ጻፊ፤ ስንት ነበሩ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደየት። ካላየሽም ጻፊ።

ያንቺው፣
ቴርሞስ ተሸካሚው